አዛዥ ሰሌዳ፦ «ሚዲ ኮንትሮለር» ለተባለው መሣሪያ የቀረበ ስምና ማብራሪያ

በቤቱ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ዜማ ለማቀናበር ያሰበ ሰው ወደ ገበያ ወጥቶ «ኪቦርድ» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በግብር ግን እጅግ የሚራራቁ ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች በአንድ ስም ተጠርተው ይቀርቡለታል። አንደኛው ልዩ ልዩ ድምፆችን በውስጡ ሰውሮ፣ ድምፅ ማጉያውንም በራሱ ላይ ይዞ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ባገኘ ጊዜ ሌላ ረዳት ሳይሻ የሚያዜም ነው። ሁለተኛው ግን ነጭና ጥቁር ቁልፎቹን የቱንም ያህል ቢነካኩት፣ ቁልፎቹ ወርደው ሲነሡ ከሚያሰሙት ኮሽታ በቀር አንዳች ድምፅ የማይወጣው፣ ከኮምፒዩተር ጋር በገመድ ሲገናኝ ብቻ ጥቅሙ የሚገለጥ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሙዚቀኞቻችንም ሻጮቹም «ሚዲ ኮንትሮለር» ይሉታል። ጠባዩን ሳያውቅ የገዛው ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ያወቀው ግን በጥቂት ገንዘብ ብዙ ሥራ የሚሠራበት መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «አዛዥ ሰሌዳ» የሚል የአማርኛ ስም አቅርበንለት፣ የስሙን ምክንያት፣ የመሣሪያውን አሠራርና የአመራረጡን ሥርዓት በየተራው እናስረዳለን።

«ሚዲ» የሚለው ቃል ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተሰበሰበ ሲሆን፣ ሲተረጐም «የሙዚቃ መሣሪያዎች ዲጂታል መገናኛ» ማለት ነው። ከመፈጠሩ አስቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የራሱን ልሳን ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ የአንዱን ፋብሪካ ሥራ ከሌላው ጋር አስማምቶ ማጫወት ብዙ ድካም ነበረው። ይህን መለያየት ለማስወገድ የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና በካሊፎርኒያ የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ ሐሳብ ለሐሳብ ተገናኙ፤ ስሚዝም ከባልደረባው ከቼት ዉድ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ለድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ አቀረበ። በጥር ወር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ ፕሮፌት 600 የተባለው የአሜሪካ መሣሪያና ጁፒተር 6 የተባለው የጃፓን መሣሪያ በአንድ ገመድ ተያይዘው፣ በአንደኛው ላይ የተመታው ቁልፍ በሌላው ውስጥ ድምፅ ሲያሰማ ታየ። የሥርዓቱ ሙሉ ደንብም በዚያው ዓመት ወጣ። መሥራቾቹ ከሚጠቀምበት ፋብሪካ ሁሉ ኪራይ መቀበል ሲቻላቸው ደንቡን ያለ ክፍያ ለዓለም ስለ ለቀቁት፣ ዛሬ ርካሹም ውዱም መሣሪያ አንድ ልሳን ይናገራል። ስለዚህም ውለታ እ.ኤ.አ. በ2013 ካኬሃሺና ስሚዝ የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል።

የዚህ ልሳን ምሥጢር ድምፅን ሳያስተላልፍ ስለ ድምፅ ማስታወቁ ነው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ በተጫነ ጊዜ በገመዱ ውስጥ የሚያልፉት ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ቁልፍ መመታቱን፣ የትኛው ቁልፍ እንደ ሆነና በምን ያህል ፍጥነት ወደ ታች እንደ ወረደ የሚያመለክቱ ናቸው። ቁልፎች ከ0 እስከ 127 በቁጥር ተሰይመዋል፤ በፒያኖ መካከል የሚገኘው «ዶ» 60ኛው ነው። የምቱ ፍጥነትም እንዲሁ ከ1 እስከ 127 ይለካል፤ ጣት በለሰለሰ ጊዜ ቁጥሩ ያንሳል፣ በበረታ ጊዜ ይበዛል። እነዚህን ቁጥሮች ተቀብሎ ፒያኖ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ ወይም መሰንቆ አስመስሎ ድምፅ የሚያወጣው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ለቤተ ክህነት ተማሪ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት አበጁላቸው የሚባሉት የድጓ ምልክቶች፣ እነ ይዘትና ደረት፣ እነ ጭረትና ርክርክ፣ በብራናው ላይ ከቃሉ በላይ ተጽፈው ሲታዩ ራሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ ዜማው የሚሰማው ምልክቱን አይቶ በሚያዜመው በመርጌታው ጉሮሮ ነውና።

እንግዲህ ወደ ስሙ እንመለስ። «ኮንትሮለር» የሚለውን ብዙ ሰው «ተቆጣጣሪ» ብሎ ሊፈታው ይሞክራል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ በእኛ ቋንቋ ሌላው የሠራውን የሚመረምርና ጥፋቱን የሚፈልግ ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ይህን ድምፅ፣ በዚህ ኃይል፣ አሁን አሰማ» ብሎ የሚያዝ ነው። ስለዚህ «አዛዥ» የተባለው ቃል ለግብሩ የቀረበ ነው። «ሰሌዳ» ደግሞ የኮምፒዩተርን መጻፊያ «የቁልፍ ሰሌዳ» ማለት ከተለመደ ወዲህ ቁልፎች የተደረደሩበትን ገበታ ለማመልከት ስለሚያገለግል፣ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው «አዛዥ ሰሌዳ» ቢባል ሰሚው «ታዛዡ ወዴት አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ ጥያቄውም ከገዢ ስሕተት የሚያድነው ጥያቄ ነው። «ሚዲ» የሚለው ግን የሥርዓቱ መጠሪያ ስም ሆኖ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ እንዳለ ቢቀር ይሻላል። አነጋገሩም «አዛዥ ሰሌዳው በሚዲ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተገናኘ» የሚል ይሆናል።

አንድ ሰው ብቻውን ብዙ መሣሪያ ማሰማቱ ለሙዚቃችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ሳለ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ለብቻው አስተባብሮ ካሴት ሠርቷል። ለዚያ ሥራ በየራሳቸው የሚገዙ ብዙ ዕቃዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ዛሬ ግን የእነዚያ ሁሉ ድምፅ በሶፍትዌር ስለሚገኝ፣ ለሰው የሚቀረው ዋና ዕቃ ጣቱን የሚያሳርፍበት ሰሌዳ ነው። ከዚህም የመግዣው ዋና ሕግ ይወለዳል፤ አዛዥ ሰሌዳ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለቁልፍ እንጂ ለድምፅ ስላልሆነ፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የድምፆች ብዛት ትቶ የቁልፎቹን ብዛትና ጠባይ ይመርምር።

ስለ ብዛታቸው ስንናገር፣ በገበያ የሚታወቁት ባለ25፣ ባለ37፣ ባለ49፣ ባለ61ና ባለ88 ቁልፎች ናቸው። ባለ25ቱ ሁለት ኦክታቭ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ በአንድ እጅ ዜማ ለማስገባትና ከበሮ ለመምታት ይበቃል፤ በቦርሳ መያዙም ለተማሪና ለመንገደኛ ይመቻል። ሆኖም ግራ እጅ ባዙን፣ ቀኝ እጅ ዜማውን እንዲይዝ ለሚሻ ሰው ቢያንስ አራት ኦክታቭ ያለው ባለ49 ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም በጠባብ ሰሌዳ ላይ ኦክታቭ ማዘዋወሪያውን በየጊዜው መጫን ሐሳብን ይበትናል። ባለ61ዱ ለጸሎት ቤት መዝሙርና ለዘፈን ማጀቢያ ሰፊ ነው። ባለ88ቱ ፒያኖን በሥርዓቱ ለተማረ ሰው የተገባ ነው፤ ላልተማረው ግን ቦታ ከማጣበብና ዋጋ ከማክበድ በቀር የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

ከብዛት ይልቅ የሚበልጠው የአነካክ ጠባይ ነው። ርካሾቹ ቁልፎች በውስጣቸው ባለ ስፕሪንግ ብቻ የሚመለሱ ቀላሎች ናቸው፤ መካከለኞቹ ጥቂት ክብደት ተጨምሮባቸዋል፤ ውዶቹ የፒያኖን መዶሻ ክብደት የሚመስሉ ናቸው። ለሶፍትዌር ሥራ ቀላሉ ዓይነት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የምትን ኃይል መለየት የማይችል ሰሌዳ ከሆነ፣ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ልክ ስለሚያሰማ፣ የዜማውን ነፍስ ይገድለዋልና አይገዛ። በሱቅ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ አንዱን ቁልፍ ቀስ እያደረጉ ከልስላሴ ወደ ብርታት ደጋግሞ መምታትና ድምፁ በደረጃ ማደጉን ማድመጥ ነው። ቁልፎቹ ከመደበኛው ጠበው የተሠሩ ትንንሽ ሰሌዳዎችም ስላሉ፣ እጁ ሰፊ የሆነ ሰው ሳይሞክር አይግዛ።

ለእኛ ለባለ ቅኝቶቹ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከጥቁሮቹ ቁልፎች አምስቱ በቅደም ተከተል ሲነኩ የትዝታን ሜጀር ቅኝት ስለሚሰጡ፣ ጀማሪ ልጅ ሳይሳሳት የሚለማመድበት መንገድ ተከፍቶለታል፤ ከዚያም በሰሌዳው ላይ ያለውን የድምፅ ከፍታ ማዘዋወሪያ እየተጫነ የቅኝቱን መነሻ ለዘፋኙ ጉሮሮ ማስማማት ይችላል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ ስለማይገኙ ልምምድ ይሻሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ መሰንቆ ፍሬት የሌለው በመሆኑ ጣት ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ሲሆንለት፣ በእኩል ክፍል የተከፋፈለው የፒያኖ ስልት ያን መካከለኛ ድምፅ ሊያገኘው አይችልም። አዛዥ ሰሌዳ ግን የሚልከው የቁልፉን ቁጥር እንጂ የድምፁን ከፍታ አይደለምና፣ 60ኛው ቁልፍ ምን እንዲያሰማ የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው፤ ቅኝትን እንደ ልብ ለማስተካከል የሚፈቅድ ሶፍትዌር የመረጠ ሰው ሰሌዳውን ሳይለውጥ በፈለገው ስልት ያዜምበታል። ድምፅን ለማጐንበስና ለማንሸራተት የተሠራው መንኮራኩርም በ16,384 ደረጃ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ የመሰንቆንና የዋሽንትን መንሸራተት ለማስመሰል ያገለግላል፤ ይህ የሌለውን ሰሌዳ ለአገር ዜማ አንመክርም።

ስለ መገናኛው የሚባለው አጭር ነው። ዘመናዊ ሰሌዳዎች በዩኤስቢ ገመድ የሚገናኙና ኃይላቸውንም ከዚያው ከኮምፒዩተሩ የሚወስዱ ስለ ሆኑ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራው አይቋረጥም። ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ስለሚሠሩ፣ ሲገዙ ይህን መጠየቅ ይበጃል። የእግር ፔዳል መሰኪያ ቀዳዳ ያለውም ፒያኖ ለሚወድ ሰው ይመረጣል።

ብዙ ጀማሪ ሰሌዳውን በከንቱ የሚወቅስበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቁልፍ ከተመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ መሰማቱ ነው። ይህ መዘግየት በአብዛኛው የሚመጣው ኮምፒዩተሩ ድምፅን ከመልቀቁ በፊት ከሚያከማችበት ማቆያ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚቆጠርበት ሥርዓት፣ ማቆያው 512 ናሙና ከሆነ መዘግየቱ 12 ሚሊሰከንድ ያህል፣ 128 ከሆነ ግን 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ሰሌዳ ከመለወጥ አስቀድሞ የሶፍትዌሩን ማቆያ ማሳነስ፣ በዊንዶውስም «አዚዮ» የተባለውን የድምፅ ድራይቨር መጠቀም ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ዋጋ እንናገር። ኤም-ኦዲዮ፣ አካይ፣ አርቱሪያ፣ ኖቬሽን፣ ኔክታርና ኮርግ በዚህ ዕቃ የታወቁ ስሞች ናቸው። በአሜሪካ ገበያ ባለ25ቱ በ100 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ ባነሰ፣ ባለ49ኙ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው መካከል ይገኛል፤ መዶሻ ቁልፍ ያለው ባለ88 ግን ከ400 ዶላር ወደ ላይ ይወጣል። ብዙዎቹ አብሌተን ላይቭ ላይት የተባለውን ሶፍትዌር አብረው ስለሚሰጡ፣ ኤል ኤም ኤም ኤስም ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ አፕል ኮምፒዩተር ያለውም ጋራዥባንድን ስለሚያገኝ፣ ለሶፍትዌር ለብቻው ገንዘብ መመደብ በመጀመሪያው ዘመን አያስፈልግም። መብራት የሚያበሩ ካሬዎችና ብዙ መጠምዘዣዎች ዓይንን ይማርካሉ፤ ነገር ግን ዋጋቸው የሚወጣው ከቁልፎቹ ጥራት ላይ ተቀንሶ መሆኑን ገዢ አይርሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀውን ሁለተኛውን ሚዲ ይዟል የሚባል ሰሌዳም ለጀማሪ ግድ አይደለም፤ አዲሱ ደንብ አሮጌውን እንዲቀበል ሆኖ ተሠርቷልና።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት በቤትህ ወይም በዘመድህ ቤት የተቀመጠ የያማሃ ወይም የካሲዮ ኪቦርድ እንዳለ ጠይቅ፤ በስተጀርባው የዩኤስቢ መሰኪያና የሚዲ ምልክት ካገኘህበት አዛዥ ሰሌዳ በእጅህ አለና ገመድ ብቻ ግዛ። ከሌለህ ደግሞ ምት የሚለይ፣ ድምፅ ማንሸራተቻ ያለው፣ ባለ49 ቁልፍ ቀላል ሰሌዳ ግዛ፤ ከዚያ በላይ የሚተርፈውን ገንዘብ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ግዛበት።