የኮፈን መተንፈሻ ጥንተ ታሪክ

ሰው በፈረስ ፈንታ ቤንዚን የሚበላ ሞተር ከሠራበት ዘመን አንሥቶ ጠቢባኑን ሲያስጨንቅ የኖረው፣ ከኃይሉ ጋራ የሚወለደውን ግለት እንዴት እንደሚያስወግዱት ነበር፤ ከነዳጁ እሳት መንኰራኵሩን የሚያዞረው ጥቂቱ ሲሆን፣ የሚበዛው ወደ ጭስ ማውጫውና ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይሄዳልና። ካርል ቤንዝ በ1886 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት ባወጣለት ባለሦስት እግር ሠረገላ ላይ ውሃው እየተነነ ያልቅ ስለ ነበር፣ ነጂው በየመንገዱ ውሃ እየፈለገ መጨመር ነበረበት። ዊልሄልም ማይባኽ ግን በ1901 ስሙ ለገነነው ለመርሴዲስ፣ 8,070 ጥቃቅን ባለ ዐራት ማዕዘን ቱቦዎች የተደረደሩበት ራዲያተር አበጅቶ፣ ያው ጥቂት ውሃ ሳያልቅ እየዞረ፣ በነፋስ እየቀዘቀዘ እንዲያገለግል አደረገ።

ይሁን እንጂ ራዲያተሩ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ መለሰ። በፊት ለፊት የገባው ነፋስ የውሃውን ሙቀት ተሸክሞ ከኮፈኑ ሥር ሲደርስ መውጫ ካላገኘ በዚያው ይታጎራል፤ የታጎረውም ከኋላው የሚመጣውን ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ጭስ መውጫ ለሌለው ጎጆ በሩን ማስፋት እንደማይበጀው ሁሉ፣ የመኪናንም አፍ ማስፋት ብቻውን ሞተሩን አያቀዘቅዘውም። የጥንቶቹ ሠሪዎች ይህን ተረድተው የኮፈኑን ግራና ቀኝ በረድፍ እየሰነጠቁ መተንፈሻ ያወጡለት ጀመር፤ የፎርድ ኩባንያም ለሞዴል ቲ በ1915 እንዲሁ አደረገ።

ነገሩ ከፋብሪካ ወጥቶ የጎረምሶች ሙያ የሆነው ግን በካሊፎርኒያ ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለውን 65 የፈረስ ጉልበት ሞተር ለመካከለኛው ሰው በሚቻል ዋጋ ባወጣ ጊዜ፣ ለወጣቶች ታላቅ ሲሳይ ሆነላቸው፤ ነገር ግን ያ ሞተር ከውስጡ የተሸሸገ ደዌ ነበረበት። ቫልቮቹ በብሎኩ ውስጥ ስለ ነበሩ፣ የተቃጠለው ጭስ ወደ ውጭ ለመድረስ ውሃው በሚዞርበት በብሎኩ ሆድ መካከል አቋርጦ ማለፍ ነበረበት፤ ሊወገድ የሚገባው ሙቀትም ከመውጣቱ በፊት ተመልሶ ለውሃው ይሰጥ ነበር። ወጣቶቹ ይህ ሞተር ያለበትን መኪና ይዘው ሙሮክና ኤል ሚራዥ ወደ ተባሉት፣ በሞሃቪ በረሃ ወዳሉት የደረቁ ሐይቆች ሄደው ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ክለቦቻቸውም በ1937 ተባብረው አንድ ማኅበር አቆሙ፤ ማኅበሩም በ1949 በዩታ በቦነቪል የጨው ሜዳ የመጀመሪያውን የፍጥነት ሳምንት አደረገ። በዚያ ንዳድ ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጦ ለሚነዳ ሰው የፋብሪካው ስንጥቅ አይበቃውምና፣ ሙቀቱንም፣ ከኮፈኑ ሥር ታምቆ ላሜራውን ወደ ላይ የሚገፋውንም አየር ለማስወጣት፣ የኮፈኑን አናት ጭምር መሰንጠቅ ልማድ ሆነ።

ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። ላሜራ ሠሪው ኮፈኑን አውርዶ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ ረድፎቹን በጠመኔ ካሰመረ በኋላ ላሜራውን በሁለት የቅርጽ ብረቶች መካከል ያስገባል፤ መጫኛው በወረደ ቁጥር አንደኛው ጠርዝ ይቈረጣል፣ የቀረው ሳይቈረጥ ተለጥጦ ወደ ላይ ጉብ ይላል፤ እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ረድፉን ይጨርሳል። በመካከል አንዱ በጣት ስፋት ከመሥመሩ ቢስት ኮፈኑ ሁሉ ይበላሻል፤ በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ጉብታዎቹ ላሜራውን ያጠነክሩታል፤ አፋቸውም ወደ ኋላ ስለሚዞር፣ በላያቸው የሚሮጠው ነፋስ ከሥር ያለውን ትኩስ አየር ይስበዋል፤ ዝናብም በቀላሉ አይገባባቸውም።

ከስንጥቁ ብዛት ይልቅ ግን የሚሰነጠቅበት ቦታ ይበልጣል። ነፋስ የኮፈኑን የፊት ጠርዝ ዘልሎ ሲያልፍ ይፈጥናልና፣ ከራዲያተሩ በስተኋላ ባለው የኮፈን ክፍል ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በፊት መስታወቱ ግርጌ ግን ተገትቶ ይከማቻልና ግፊቱ ይጨምራል። ይህን ሳያውቁ ከማጠፊያው ሥር ሮንዴላ እየደራረቡ የኮፈኑን ኋላ ከፍ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ትኩሱ አየር በዚያ ሽቅብ ሲወጣ አይተው ደስ ይላቸዋል፤ በፍጥነት በሚነዱበት ጊዜ ግን ነፋሱ ይወጣበታል ባሉት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ለዚህ ምስክሩ ሸቭሮሌት ነው፤ በ1970 ለሸቬል መኪና በዚያው በመስታወቱ ግርጌ በኩል የሚከፈት ክዳን ሲያበጅ፣ ዓላማው ለካርቡራተሩ ንጹሕ አየር ማስገባት ነበርና።

ወደ ባለስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ስንመለስ፣ ፎርድ በ1937 የውሃ ፓምፖቹን ከሲሊንደሩ ራስ አውርዶ በብሎኩ ፊት ቢተክላቸውም፣ የጭሱ መንገድ ሳይለወጥ ቀረ፤ በአሜሪካ የዚያ ሞተር ዘመን እስኪፈጸምና በ1954 ቫልቮቹ ከላይ የሆኑለት ሞተር እስኪተካው ድረስ ደዌው አልለቀቀውም። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ የመጀመሪያ መንሥኤውን ቢያጣም ልማዱ አልጠፋም፤ ዛሬ የ1932ን ፎርድ የሚያድሱ ሰዎች ሞተሩ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ኮፈኑን ለማዕርጉ ሲሉ ያሰነጥቁታል። ይህን ጌጥ የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ኮፈኑን ለማቀዝቀዣ ሊቀድ የተነሣ ሰው ግን አስቀድሞ የራዲያተሩን ንጽሕና፣ የውሃ ፓምፑንና የቬንትሌተሩን ጤንነት መመርመር፣ ቀጥሎም ነፋሱ በየት እንደሚወጣ ማጣራት ይገባዋል፤ በላሜራ ላይ የተቀደደ ስንጥቅ ለአየሩ መንገድ ይሰጠዋል እንጂ፣ የፎርድ ታሪክ እንዳሳየን፣ በብሎኩ ውስጥ ያለውን ደዌ አይፈውስምና።