የመልእክት አደራ፦ ከፖስታ ቤት እስከ ክላውድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ በመሻገር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያመራው መንገድ ደጀንንና ሉማሜን ካለፈ በኋላ አምበር ይደርሳል። አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆኗ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ለወረዳው የሚጻፈው ሁሉ መድረሻው እርሷ ናት። ጽሑፉ በመኪና ቢጫን፣ በሽቦ ቢተላለፍ ወይም በሳተላይት ቢወርድ አንድ ጥያቄ ምን ጊዜም አይለየውም፤ ይኸውም መልእክቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ጊዜ አደራውን ማን ተረከበ? የሚለው ነው። የመልእክት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመስመር ታሪክ ሆኖ ሲጻፍ ይታያል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ይልቁንም የርክክብ ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ መካከለኛ ዓመታት የኢትዮጵያ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ዋጋ ስላልነበረው፣ ወደ አውሮፓ የሚጓዝ ደብዳቤ በአገሩ ቴምብር ላይ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ፈረሱም፣ በቅሎውም፣ መርከቡም ሳይለወጥ ይህ ድርብ ክፍያ የቀረው፣ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ማኅተም አምኖ ለመቀበል በውል ስለተሳሰሩ ብቻ ነው። በፖስታ ቤቱ መስኮት «የአደራ ደብዳቤ» የሚባለው አሠራርም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ሰጪው ሳያስፈርም አይሰጥም፣ ተቀባዩም ፈርሞ ከተረከበ በኋላ ኃላፊነቱ የእርሱ ይሆናል።

የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሲወለድ ይህን ደንብ አልጣለውም። ሬይ ቶምሊንሰን በእ.ኤ.አ. 1971 ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ መልእክት አስተላለፈ። ጆን ፖስቴል በእ.ኤ.አ. 1982 ባወጣው የኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ደንብ መሠረት፣ ተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «250» የሚል ቁጥር ይመልሳል። ይህች ቁጥር ፊርማ ናት። እርሷን የሰጠ ሰርቨር ወይ መልእክቱን ለባለቤቱ ያደርሳል፣ ወይ አለመድረሱን ለላኪው ያሳውቃል፤ ዝም ብሎ ማስቀረት አይፈቀድለትም። በእ.ኤ.አ. 1986 ደግሞ አንድ ዶሜይን መልእክቱን የሚቀበሉለትን ሰርቨሮች በቅደም ተከተል የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ተጨመረ።

በኢትዮጵያ ይህ ጥበብ የተለመደው ቋሚ የኢንተርኔት መስመር ከመምጣቱ በፊት ነው። በኢትዮጵያ ዋና ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት፣ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በተሰኘው ዘዴ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። ተጠቃሚዎች በስልክና በሞደም ያስገቡት ጽሑፍ በአንድ ኮምፒዩተር ይጠራቀማል፤ ከዚያም ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር በስልክ በሚገናኙበት ሰዓት የሚላከው ይላካል፣ የመጣውም ይወርዳል። መስመሩ የሚከፈተው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም መልእክቱ አይጠፋም ነበር፤ በጥሪና በጥሪ መካከል መልእክቱን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነበርና።

የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ነጥብ ኢቲ» በ1988 ዓ.ም. ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ከዚህ በኋላ አያሌ መሥሪያ ቤቶች በየግቢያቸው የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር አቆሙ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳ ኔት የወረዳ መስተዳድሮችን በሳተላይትና በምድር መስመር ከማእከሉ ጋር ሲያገናኝ፣ ከቪዲዮ ስብሰባው ጋር የኢሜይል አገልግሎትም ታስቦበት ነበር።

በእ.ኤ.አ. 2011 ማይክሮሶፍት ኦፊስ 365ን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። የመልእክት ሣጥኑ ከግቢው ወጥቶ ክላውድ ወደሚባለው፣ ሩቅ አገር ወደሚገኝ የኮምፒዩተር ማእከል መጓዝ ጀመረ። ሁሉም ግን በአንድ ቀን አይጓዝም። መስመሩ ቢቋረጥ በግቢ ውስጥ መጻጻፍ እንዳይታጎል የሚሹ አሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል መረጃ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ስለ ደነገገ፣ የትኛው ሣጥን የት እንደሚቀመጥ ማሰብ ግድ ይላል። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ በሁለት ቤት ይኖራል፤ ስሙ አንድ፣ ሣጥኑ ሁለት ቦታ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ለአንድ የወረዳ ባለሙያ የተጻፈ ደብዳቤ በግቢው ሰርቨር ደረሰ እንበል፤ ሣጥኑ ግን ወደ ክላውድ ተዛውሯል። የግቢው ሰርቨር «በዚህ ዶሜይን ሥር ያለውን ሰው ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ» ተብሎ ከተዋቀረና የተዛወረውን ሰው አዲስ አድራሻ ካልያዘ፣ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ይመልሰዋል። በአንጻሩ ሁለቱም ወገኖች «እኔ ዘንድ ከሌለ እዚያ ይኖራል» ተብለው ከተዋቀሩ፣ የትም የሌለ ሰው ስም የተጻፈበት ደብዳቤ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ የሚቆመውም በላዩ የሚታተመው የማለፊያ ምልክት ሲበዛ ነው። በመጀመሪያው አለሁ የሚለው በዛ፤ በሁለተኛው ደግሞ አለሁ የሚል ጠፋ።

መፍትሔው የርክክቡን ውል በግልጽ መጻፍ ነው። ከውጭ የሚመጣውን መልእክት መጀመሪያ የሚቀበለው በር አንድና የታወቀ ይሁን። ለተዛወረው ሰው ሁሉ በቀድሞ ቤቱ የአዲሱ ቤት አድራሻ ይመዝገብለት። በሁለቱ መካከል የሚዘረጋው ኮኔክተር አንዱ ሌላውን በሰርቲፊኬት የሚያውቅበት፣ ጽሑፉም በምስጢር ተሸፍኖ የሚያልፍበት ይሁን፤ አለዚያ የቤተኛው ደብዳቤ እንደ ባዕድ ተቆጥሮ ከአላስፈላጊው መልእክት ጋር ይጣላል፣ ወይም ባዕዱ እንደ ቤተኛ ይገባል። በዶሜይኑ ስም መላክ የሚችሉት ሰርቨሮች ሲመዘገቡ ሁለቱም ቤቶች ይቆጠሩ። የመብራትና የመስመር መቋረጥ ባለበት አገርም ወረፋው በየቀኑ ይታይ፤ በተለመደው ደንብ ሰርቨር መልእክቱን ደጋግሞ የሚሞክረው ለአራትና ለአምስት ቀን ያህል ነውና፣ ከዚያ በኋላ ለላኪው ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የመሣሪያ ጉዳይ ቢመስልም ፍጻሜው ሰው ነው። የመድኃኒት ጥያቄ፣ የበጀት ማስታወቂያ ወይም የዝውውር ደብዳቤ ሲጠብቅ የሚውለው ሠራተኛ ሣጥኑ በደብረ ማርቆስ ይሁን በባሕር ማዶ አያሳስበውም፤ አልደረሰኝም ባለ ጊዜ ግን «እኛስ ልከናል»፣ «እኛም አልተቀበልንም» የሚል መልስ ሊሰጠው አይገባም። በ1886 የተቋቋመው ፖስታ ቤት በፊርማ፣ ፓዲስ በስልክ ጥሪ ሰዓት፣ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒም በአንዲት ቁጥር ያስጠበቁት አደራ ዛሬ በባለሙያው እጅ ላይ ይገኛል። ሰርቨር የሚፈርመው በተዋቀረው መሠረት ነው፤ ለፊርማው የሚጠየቀው ግን ያዋቀረው ባለሙያ ነው።