የሞት ምዝገባ፦ የሟች ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ የሕግ ግዴታና አፈጻጸም

የሞት ምዝገባ የአንድ ሰው ሞት ሥልጣን ባለው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ በመዝገብ ሰፍሮ ሕጋዊ ዕውቅና የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥርዓት የሚመራው በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እና እርሱን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1049/2009 ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ወጥ የሆነው ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዋጁ ሞትን ከልደት፣ ከጋብቻና ከፍቺ ጋር ወሳኝ ኩነት ብሎ ሰይሞ መመዝገቡን ግዴታ አድርጎታል።

ሞት ሲደርስ እድርተኛውና ጎረቤቱ ድንኳኑን ይተክላል፣ ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል። ለሞት ምዝገባ ግን እንዲህ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። በዚህም ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች ምዝገባውን የሚያስታውሱት የውርስ፣ የጡረታ ወይም የባንክ ጉዳይ ሲያጋጥማቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ምዝገባው በማን፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚከናወን ያብራራል።

የምዝገባው ጠቀሜታ

የሞት ምስክር ወረቀት ለሟች ቤተሰብ በርካታ መብቶች መነሻ ነው። ወራሾች የወራሽነት ማረጋገጫ ለማግኘት ለፍርድ ቤት ሲያመለክቱ በቅድሚያ የሟችን መሞት ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ባለጡረታ ወይም በሥራ ላይ የነበረ የዐቅድ አባል ሲሞት የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች የተተኪነት አበል የሚጠይቁትም የሞቱን ማስረጃ አቅርበው ነው። በሟች ስም የተመዘገበን ቤት፣ ተሽከርካሪ ወይም የባንክ ሒሳብ ወደ ወራሾች ለማዛወርም ይኸው ሰነድ ይጠየቃል።

በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ዳግመኛ ጋብቻ ለመፈጸም ቢፈልግ የቀድሞው ጋብቻ በሞት መፍረሱን ማሳየት ይጠበቅበታል። ከዚህም ሌላ ሞቱ ያልተመዘገበ ሰው በአስተዳደር መዝገብ ላይ በሕይወት እንዳለ ስለሚቆጠር መታወቂያውና ስሙ ለማጭበርበር ሊውሉ ይችላሉ።

የማስታወቂያ ጊዜ

ሞት ከተከሰተበት ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ከሞቱ እንጂ ከቀብሩ ወይም ሐዘንተኛው ከተቀመጠበት ዕለት አይደለም። ብዙ ቤተሰቦች ጉዳያቸውን ሁሉ ከአርባው መታሰቢያ በኋላ ለማከናወን ይወስናሉ፤ ሆኖም የአርባው ቀን በሚውልበት ጊዜ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ካበቃ 10 ቀናት ያልፋሉ። ስለሆነም ከቤተሰቡ አባላት አንዱ ገና ከጅምሩ ይህን ጉዳይ እንዲከታተል ቢመደብ ይመረጣል።

የማስታወቅ ግዴታ ያለበት ሰው

ሞቱን የሚያስታውቀው በቅድሚያ ከሟች ጋር አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ እርሱም ከሌለ የቅርብ ጎረቤት ያስታውቃል። ብቻውን ይኖር የነበረና ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞትም ሞቱን ያወቀ ማንኛውም ሰው ሊያስታውቅ ይገባል። ሞቱ በሆስፒታል፣ በማረሚያ ቤት ወይም በመሰል ተቋም የደረሰ ከሆነ ተቋሙም ኃላፊነት አለበት። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ሲገኝ ጉዳዩ ለፖሊስ ይቀርባል።

ምዝገባው የሚከናወንበት ቦታ

ሞት የሚመዘገበው በሟች መደበኛ የመኖሪያ ቦታ በሚገኝ የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ነው። ይህም በክልሎች የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። ለሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ የሞተ ሰው ጉዳይም የሚቀርበው ይኖርበት ወደነበረው ቀበሌ ወይም ወረዳ ነው። የሟች መደበኛ መኖሪያ የማይታወቅ ሲሆን ሞቱ በደረሰበት ወይም አስከሬኑ በተገኘበት ቦታ ይመዘገባል።

መቅረብ ያለባቸው ሰነዶች

ዝርዝሩ እንደየክልሉ አሠራር መጠነኛ ልዩነት ሊኖረው ቢችልም፣ በአጠቃላይ የሚጠየቁት የሚከተሉት ናቸው፦

1. ሞቱ በጤና ተቋም የደረሰ ከሆነ ተቋሙ የሚሰጠው የሞት ማሳወቂያ፤
2. ሞቱ በቤት የደረሰ ከሆነ ቀብሩ ከተፈጸመበት የሃይማኖት ተቋም ወይም የመቃብር ቦታ አስተዳደር የተሰጠ ማስረጃ፤ እንደ አካባቢው አሠራርም የእድር ማስረጃ፤
3. ሞቱ በአደጋ ወይም በወንጀል የደረሰ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ፤
4. የሟች የነዋሪነት መታወቂያ፤
5. የአስመዝጋቢው የታደሰ መታወቂያ።

ከጤና ተቋም የሚሰጠው ማሳወቂያም ሆነ የእድር ደብዳቤ የሞት ምስክር ወረቀትን አይተኩም። ለምዝገባው ግብዓት ስለሚሆኑ ዋናቸው ለጽሕፈት ቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ቅጂያቸውን ማስቀረት ይበጃል።

የምዝገባው ሂደት

አስመዝጋቢው ሰነዶቹን ይዞ በአካል ይቀርባል። የክብር መዝገብ ሹሙም የሟችን ሙሉ ስም ከነአያት፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዜግነት፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ፣ የታወቀ እንደሆነም የሞቱን ምክንያት በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። አስመዝጋቢው የተጻፈውን አንብቦ ከፈረመ በኋላ ሹሙ ይፈርማል፣ ማኅተም ያደርጋል፤ የምስክር ወረቀቱም ተዘጋጅቶ ይሰጣል።

ከመፈረም በፊት የስሙ አጻጻፍ በሟች መታወቂያ፣ በቤት ካርታና በጡረታ ደብተር ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአንዱ ሰነድ «ኃይለ ማርያም»፣ በሌላው «ሃይሉ» ተብሎ የተጻፈ ስም ወራሾችን ለተጨማሪ ማስረጃና ለፍርድ ቤት ምልልስ ሊዳርግ ይችላል። ሰውየው የሞተው በሌሊት ከሆነም ቤተሰቡ የሚናገረው ቀንና የጤና ተቋሙ የጻፈው ቀን በአንድ ዕለት ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁለቱን አስቀድሞ ማስተያየት ተገቢ ነው። ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል።

የሕፃናት ሞት

በሕይወት ተወልዶ የሞተ ሕፃን ሞት እንደማንኛውም ሰው ሞት ይመዘገባል። ልደቱ ሳይመዘገብ ሞቶ ከሆነ ሁለቱንም ኩነቶች ለክብር መዝገብ ሹሙ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ይህ በወላጆች ዘንድ «ለጥቂት ቀን ነፍስ ምን ያደርጋል» ተብሎ የሚታለፍ ቢሆንም ሕጋዊ ውጤት ሊኖረው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 4 ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረን ሕፃን ለመኖር እንደሚችል ይቆጥረዋል። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ለመኖር እንደማይችል የሚገመት ሲሆን፣ ለሞት ያበቃው የተፈጥሮ አቋሙ ጉድለት አለመሆኑን በማስረዳት ይህን ግምት ማፍረስ ይቻላል። አባቱ ቀድሞ የሞተበት ሕፃን በሕይወት የቆየበት ጊዜ በእናቱና በሌሎች ወራሾች ድርሻ ላይ ለውጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የተወለደበትና የሞተበት ሰዓት በማስረጃ መያዝ አለበት።

ሞቶ መወለድ ራሱን የቻለ ወሳኝ ኩነት ሆኖ በአዋጁ አልተዘረዘረም። ሆኖም ጤና ተቋሙ በራሱ መዝገብ ስለሚይዘው፣ እናትየዋ ለመሥሪያ ቤቷ ወይም ለቀጣይ ሕክምናዋ የጽሑፍ የሕክምና ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች።

በውጭ አገር የደረሰ ሞት

በውጭ አገር የሞተ ኢትዮጵያዊ ሞት በዚያ አገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። በዓረብ አገሮችም ሆነ በሌላ ክፍለ ዓለም ያሉ ቤተሰቦችና የማኅበረሰብ ተወካዮች አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ኤምባሲውን ሲያነጋግሩ የሞት ምዝገባውንም አብረው ቢጠይቁ በኋላ የሚገጥመው ድካም ይቀንሳል። በአገሩ ባለሥልጣን ብቻ የተሰጠ የሞት ማስረጃ በኢትዮጵያ ተቀባይነት የሚያገኘው በሚመለከታቸው አካላትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተረጋግጦ ሲቀርብ ነው። በሰነዱ ላይ ያለው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሚሆን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲለወጥ ጥንቃቄ ይሻል።

በኢትዮጵያ የሚኖሩ ስደተኞችም በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተጠቃሚዎች ናቸው።

የጠፋ ሰው

ደብዛው የጠፋ ሰው ቤተሰቡ ስለጠረጠረ ብቻ እንደሞተ ተደርጎ አይመዘገብም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ለ2 ዓመታት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የክብር መዝገብ ሹሙ ጉዳዩን የሚያየው የፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ ሲቀርብለት ነው።

ጊዜው ካለፈ

የ30 ቀናት ገደብ ማለፉ ሞቱ ጨርሶ እንዳይመዘገብ አያደርግም፤ አስመዝጋቢው የዘገየበትን ምክንያት ገልጾና ማስረጃ አቅርቦ ማስመዝገብ ይችላል። ይሁን እንጂ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማስረጃው ይሳሳል። ለምሳሌ አባታቸው ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ቤቱን በስማቸው ለማዛወር የተነሡ ልጆች ሕክምና የተሰጠበት ጤና ጣቢያ መዝገቡን ማግኘት ሊሳነው፣ የእድሩ ሰብሳቢ ሊለወጥ፣ ቀብሩን ያዩ ሽማግሌዎችም ሊያልፉ ይችላሉ። በመጀመሪያው ወር በጥቂት ሰነዶች ያልቅ የነበረው ጉዳይ የወራት ምልልስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የእድር ኃላፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና ጎረቤቶች ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በሚያደርጉት ድጋፍ ላይ የምዝገባውን ቀነ ገደብ ማስታወስን ቢጨምሩ ባል የሞተባትን ሴትና አባት የሞተባቸውን ልጆች ከኋለኛው እንግልት ይታደጋሉ። የአገልግሎት ክፍያውንና የአካባቢውን ተጨማሪ መስፈርት ተገልጋዮች ከሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ የክብር መዝገብ ሹም መጠየቅ ይችላሉ።