ድጥና ማጥ፤ የክረምት ጭቃና የኑሮ ሥርዓት በከምባታና በጠምባሮ ገጠር

የአማርኛ ቋንቋ ለራሰ መሬት ብዙ ስም አለው። ጭቃ የሁሉም የወል ስም ሲሆን፥ ድጥ እግርን የሚያንሸራትተው፥ ማጥ ደግሞ እግርን የሚውጠው ነው። አረንቋ ከብት ገብቶ በቀላሉ የማይወጣበት፥ ረግረግም ውሃ የማይለየው ሜዳ ይባላል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ምሳሌ ዛሬ ስለ ማናቸውም መከራ የሚነገር ቢሆንም፥ መነሻው የመንገደኛ ዕውቀት ነው። የሚያዳልጠውን ቀይ ተዳፋት ሸሽቶ ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው ጥቁሩ ዋልካ ይቀበለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከሆሳዕና ወደ ደቡብ በከምባታና በጠምባሮ ገጠር የሚኖረው ሕዝብ ይህን የክረምት ጭቃ በምን ሥርዓት ችሎት እንደ ኖረ፥ ስለዚሁም ምን ዋጋ እንደ ከፈለበት ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ በረዶ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሰሜኑ ዓለም የገጠር ሰው የክረምት ጭንቀት ሁለት ነው፤ መጀመሪያ አመዳዩ መንገዱን ይዘጋል፥ ኋላም አመዳዩ ሲቀልጥ ጭቃው ይተካል። ሩሲያውያን መንገድ ሁሉ የሚፈርስበትን ይህን ወራት «ራስፑቲትሳ» ብለው በስም ለይተውታል። በአገራችንም የአመዳይ ወሬ እንግዳ አይደለም። የግእዙ ሐመዳ በአማርኛ አመዳይ ሆኖ ቀርቷል። ኮስማስ ኢንዲኮፕለውስጢስ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ አይቶ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍም ንጉሡ በሰሜን ተራሮች ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር፥ በዚያ አመዳዩ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ያወሳል። ከምባታ ግን እንዲህ ያለ አመዳይ የለባትም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በሐምበሪቾ ተራራና በዙሪያው ባለው ደጋ የሚታወቀው የክረምት በረዶና የበጋ ሌሊት ውርጭ ነው። እነዚህም ቢሆኑ የእንሰቱን ቅጠል ይጐዳሉ እንጂ መንገድ አይዘጉም። መንገድ የሚዘጋው ጭቃው ነው።

ጭቃው ለምን እንደሚበረታ ለመረዳት የአገሩን አቀማመጥና የዝናሙን ወራት መመልከት ይገባል። በባሕረ ሐሳባችን ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። በደቡቡ ደጋ ግን የበልጉ ዝናም ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚጥል፥ መሬቱ በልጉን ሳይጨርስ ክረምቱ ይደርስበታል። ስለዚህ ጭቃው የሦስት ወር እንግዳ ሳይሆን የግማሽ ዓመት ጎረቤት ነው። የጠምባሮ ዋና ከተማ የሆነችው ሙዱላ ከከምባታ ደጋ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው አገር ላይ ትገኛለች። ጠምባሮን በስተ ደቡብ ወላይታ፥ ከኦሞ ማዶም ዳውሮ ያዋስኑታል። ከደጋው የሚነሡት ወንዞችና ጅረቶች ወደ ኦሞ ሲወርዱ አገሩን ይቈራርጡታል። በበጋ በእግር የሚሻገሩት ጅረት በነሐሴ ደራሽ ውሃ ይሆናል። እንግዲህ መንገደኛው በተዳፋቱ ድጥ፥ በሸለቆው ማጥ፥ በመጨረሻም ሙላት ይጠብቀዋል ማለት ነው።

በዚህ አገር የኖረው ሕዝብ ጭቃውን የተቋቋመበት ዋነኛ ዘዴ በጭቃው ላይ የሚጓዝበትን ምክንያት ማሳነስ ነበር። ለዚህም የረዳው ከምባቶችና ሐዲያዎች «ዌሳ» የሚሉት እንሰት ነው። የእንሰት አትክልት በቤቱ ጓሮ የሚተከል እንጂ እንደ እህል እርሻ ከቤት የራቀ አይደለም። ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ቢፈጅም፥ ከደረሰ በኋላ በማናቸውም ወራት ሊቈረጥ ይችላል። ሴቶቹ ፍቀው ያዘጋጁት ቆጮ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቈያል። በሰሜኑ የእህል አገር ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚሟጠጥበት፥ አዲሱም አዝመራ ያልደረሰበት የጭንቅ ወራት ነው። የእንሰት አገር እመቤት ግን በእነዚሁ ወራት ምግቧን የምታገኘው ከደጇ ጥቂት እርምጃ ርቃ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከ15 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ በእንሰት እንደሚተዳደር ይነገራል። ስለ እንሰት የሚጽፉ ሊቃውንት ተክሉ ድርቅን የሚችል መሆኑን ደጋግመው ያነሣሉ። ጭቃንም የሚያስችል መሆኑ ግን ከዚያ ያላነሰ ጥቅሙ ነው።

ከዚህም ሌላ ሰፊው የእንሰት ቅጠል የዝናሙን ጠብታ ተቀብሎ ኃይሉን ያበርዳል፤ የወደቀውም ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ አፈሩን ከመታጠብ ያድናል። የሰሜን እረኛ በገሳ እንደሚከለል፥ የከምባታ ልጅ ከጓሮው አንድ ቅጠል ቀጥፎ በራሱ ላይ ይይዛል። ከተክሉ የሚወጣው ቃጫ ለገመድ፥ የደረቀውም ቅጠል ለጉዝጓዝና ለመጠቅለያ ያገለግላል።

የቤቱም አሠራር ከዚሁ ጋር የተስማማ ነው። የሣር ጎጆው ክዳን ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ ዝናሙ ግድግዳውን አይመታውም። በዙሪያው የሚቈፈረው ቦይ ውሃውን ወደ ታች ይመራዋል። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር በየወገኑ ያድራል፤ አዛባውም ማለዳ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። ለእንግዳ ሰው ይህ ከብትን ከሰው መቀላቀል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በበረት ቢያድር ኖሮ ከብቱ ሌሊቱን አረንቋ ሲረግጥ ያነጋ፥ ለእንሰቱ የሚሆነውም ማዳበሪያ በጎርፍ ይጠፋ ነበር። የጎረቤት ጉራጌ ሰዎችም «ጀፎረ» የሚሉትን ሰፊ የሣር ጎዳና በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል ይተዋሉ። ይህ ጎዳና የልቅሶና የበዓል አደባባይ፥ የከብትም መዋያ ነው። ማንም ሊያርሰው ወይም ሊያጥረው አይፈቀድለትም። ሣሩ ሥር ሰድዶ አፈሩን ስለሚይዝ በክረምትም ሰው ይመላለስበታል። ድንጋይ ያልተነጠፈበት የክረምት መንገድ ይህ ነው፤ ያጸናውም የሠፈር ሕግ ነው።

ሁሉ ነገር ግን በጓሮ አያልቅም። የታመመ ሰውና የሞተ ሰው ክረምት ነው ብሎ አይቈይም። በከምባታና በሐዲያ «ሴራ» የሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት፥ ስሙ በአማርኛ ክፉ ምክርን ቢያመለክትም፥ በዚያ አገር ሰዎች ስለ ሐዘንና ስለ ችግር የሚተሳሰሩበት ሕግ ነው። ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ድጥ መውጣት የአንድ ቤተ ሰብ አቅም አይደለም፤ የሚፈራረቅ ትከሻ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመንገዱን ጕድለት ያሟላው የጎረቤት ብዛት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1880ዎቹ ዓመታት የከምባታና የሐዲያ አገር በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የጭቃው ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና የሹማምንትና የወታደር መቀመጫ ሆነች። ከተማ የሚበላውን ራሱ አያመርትምና እህሉ፥ ማሩና እንጨቱ ከገጠር መምጣት ነበረበት። ገባሩም ለመልከኛው ግብሩን በገዛ ጀርባው ወይም በገዛ አጋሰሱ ያደርስ ነበር። በክረምት አርፎ ለመቀመጥ የተሰናዳ ኑሮ፥ ወራት ሳይለይ እንዲጓዝ በሚያዝዝ ሥርዓት ተያዘ። በነገሥታቱ ዘመን የመንደሩ የበታች ሹም በአማርኛ ጭቃ ሹም መባሉም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በዚህ ስም ጭቃ ማለት መሬት ማለት ነው፤ ገበሬው የሚያውቀውን ነገር አስተዳደሩም በዚያው ስም ጠራው።

የሞተር ዘመን ሲመጣ ጭቃው የመንግሥታት ጭንቀት ሆነ። በ1928 ዓ. ም. የኢጣሊያ የመኪና ሠራዊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፥ በፈረሰው መንገድና በዝናሙ ምክንያት በጣርማ በር ቀናት ተሰናክሎ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማው ገባ። በ1933 ዓ. ም. ደግሞ የእንግሊዝ ሠራዊት በሐይቆቹ አገር ሲዋጋ፥ ከጠላት ጥይት ያላነሰ የፈተነው የካባድ መኪናዎቹ በጭቃ መዋጥ ነበር። ሶዶ ግንቦት 14 ቀን ተያዘች። ከዚያም ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ የሄደው ጦር የሞላውን ኦሞን የተሻገረው በብዙ ድካም ነው። በባዶ እግሩ በዘንግ እየተደገፈ ያንኑ አገር ሲመላለስ የኖረው ገበሬ ጭቃው እንዲህ ያለ ኃይል እንዳለው ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። ልዩነቱ በተሸካሚው ክብደት ላይ ነው፤ አንድን መሬት ለበቅሎ መንገድ፥ ለካሚዮን መቃብር የሚያደርገው ይኸው ነው።

በ1943 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ሥራ ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሁሉ በሁለት ተከፈለ፤ በበጋ ብቻ የሚያገለግልና በጋ ከክረምት የሚያገለግል ተባለ። ይህ አከፋፈል የቢሮ ቃል ቢመስልም ለገጠሩ ሰው የዕድል ድርሻ ነበር። በ1946 ዓ. ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲከፈት ብዙ የከምባታና የሐዲያ ጐልማሶች ለአገዳ ቈረጣ ወደዚያ ወረዱ። የአገዳው ቈረጣ በክረምት ስለሚቋረጥ፥ የሠራተኛውም ጉዞ ዝናሙን ተከትሎ የሚሄድና የሚመለስ ሆነ። የከምባታ መሳላና የሐዲያ ያሆዴ በመስከረም መከበራቸውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በዓሉ ሰማዩ የሚጠራበት፥ ወንዙ የሚጐድልበት፥ የራቀ ዘመድም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነው።

እስካሁን የተናገርነውን የሚያነብ ሰው የጥንቱ ሥርዓት ጭቃውን ያለ ጉዳት ችሎት ነበር ብሎ እንዳያስብ፥ ስለ እግር መናገር ግድ ይሆናል። በድጥ ላይ ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል፤ ጣቶች መሬቱን ቈንጥጠው ይይዛሉና። ነገር ግን ይህ ብልሃት ዕዳ አለበት። ለብዙ ዘመን እግርን የሚያሳብጠው የዝሆኔ በሽታ ሁሉ በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ይመስል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፥ ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የደጋው ዝሆኔ ትል እንደሌለበት አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ደቂቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ መተላለፊያ ያውካል። በሽታው የሚገኘው በተለይ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ባለበት አገር ነው። በጎረቤት ወላይታ በተደረገ ጥናት ከመቶ ሰው ከ5 የሚበልጠው ታማሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአገሪቱ በሙሉም ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንደሚሆን ይገመታል። በሽታው በዘር የሚወረድ ወይም እርግማን ነው እየተባለ ታማሚው ከጋብቻና ከማኅበር ይገለል ነበር፤ ይህ አስተሳሰብ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። መከላከያው ግን ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በጭቃ ውስጥ ለመቆም የተከፈለው ዋጋ በግብር መዝገብ ያልተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተጻፈው በድሀው እግር ላይ ነውና።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከ2003 ዓ. ም. ጀምሮ እያንዳንዱን ቀበሌ በጋ ከክረምት በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የተነሣ የመንግሥት እቅድ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ. ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ ጠምባሮም ልዩ ወረዳ ተብሏል። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፥ ወላዷ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ገበሬው ወደ ማዳበሪያ መጋዘን መድረስ አለበት። ቤቱ ከእንሰቱ ይልቅ በገበያው የሚተማመን በሆነ መጠን ጭቃው የሚያደርሰው ጉዳት ይበዛል። ትናንት በክረምት ከቤት አለመውጣት ልማድ ነበር፤ ዛሬ ግን ያው አለመውጣት ለምጥ ለተያዘች ሴት ሞት ሊሆን ይችላል።

ተዳፋቱም ራሱ እንደ ቀድሞው አይደለም። ደኑ ሲመነጠር፥ ሕዝቡም ሲበዛ እርሻው ወደ ገደሉ አፋፍ ይወጣል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናም በኋላ የተናደው መሬት ከ220 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቈፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። የሚፈራረቅ ትከሻ ብለን ያመሰገንነው ልማድ በዚያ ቀን ራሱ ተቀበረ። የጎረቤት ፍቅር የሚችለው ጭቃ አለ፤ የማይችለውም አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የከምባታና የጠምባሮ አባቶች ጭቃውን የቻሉት ጓሯቸውን፥ ቤታቸውን፥ ማኅበራቸውንና የበዓል ቀናቸውን ከእርሱ ጋር አስማምተው ነው። ይህ ሥርዓት በብዙ ረገድ ጥበብ የሞላበት ነበር፤ ሸክሙን ግን በባዶ እግርና በትከሻ ላይ ጥሎት ነበር። አዲሱ መንገድ ያንን ሸክም ሊያነሣ ይገባል። ሲያነሣ ግን ሣሩን ከደጅ፥ እንሰቱን ከጓሮ፥ ዛፉን ከተዳፋቱ እየነቀለ ከሆነ፥ መንደሩን ከድጥ አውጥቶ ወደ ማጥ ማግባት ይሆናል። እንግዲህ የገጠርን መንገድ የሚያቅድ መሐንዲስ ካርታውን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ የቦዩን፥ የጀፎረውንና የእንሰቱን ጓሮ አሠራር ከአገሩ ሽማግሌዎችና ከእንሰቱ ባለቤቶች ከሴቶቹ ቢጠይቅ፥ ለሥራው ታላቅ ረዳት ያገኛል።