ከ«ማን ያውቅሃል?» ወደ «ቁጥርህ ስንት ነው?»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ፣ ሥራ የሚገኘው በእግርና በሰው ነበር። አዲስ የመጣ ልጅ ጠዋት ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ከሰዓት ቡና ቤት ይቀመጣል። እኛ ሰፈር ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት አሉ። ብዙዎቻችንን ያስቀጠሩን እሳቸው ናቸው። ሲኒውን እያቀበሉ «አንተ ልጅ፣ ምን ትችላለህ? የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ባለሱቁ ሲመጣ ደግሞ «ይኼን ልጅ አውቀዋለሁ» ይሉለታል። በቃ። አገር ቤት «ተያዥ አምጣ» የምንባለው ነገር እዚህ በዚያች አንዲት ቃል ያልቅ ነበር። እኔም ኬንያ ስገባ የመጀመሪያውን የማስጠናት ሥራ ያገኘሁት በእሳቸው ነው።

(አሠራሩ ንጹሕ ነበር አልልም። ማንም «አውቀዋለሁ» የማይለው ልጅ ቡናውን ጠጥቶ ይሄድ ነበር። እንደዚህ የሄዱ ልጆች አውቃለሁ።)

ማርች 13 ቀን 2020 ኬንያ የመጀመሪያውን ታማሚ አስታወቀች። ሁለት ቀን ቆይቶ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በመንግሥት የተቀጠሩ መምህራን ደመወዛቸው ቀጠለ፤ በግል ትምህርት ቤት የምናስተምር ብዙዎቻችን ባዶ እጃችንን ቀረን። ማርች 27 የሰዓት እላፊ ጀመረ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11። ሜይ 6 ደግሞ ኢስሊ ራሷ ተዘጋች። ለአንድ ወር ያህል ከሰፈሩ መውጣትም ወደ ሰፈሩ መግባትም ተከለከለ። የጀበናው ቤት ተዘጋ። እግርም ሰውም አንድ ላይ ቆሙ።

ሥራው ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ስልክ ውስጥ ገባ። ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ ዕቃ አድራሽ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ልጆች በስልክ የሚያስጠና። ጥያቄውም ተቀየረ። ምግብ ቤቶች በኤፕሪል መጨረሻ እንዲከፍቱ ሲፈቀድላቸው ሠራተኞቻቸው የኮሮና ምርመራ ማድረግ ነበረባቸው፤ ስለዚህ ሳህን አጣቢ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠየቀው የምርመራ ወረቀት ሆነ። ከጥሬ ገንዘብ ንክኪ ለመራቅ ተብሎ ከ1,000 ሽልንግ በታች በኤምፔሳ መላክ ያለ ክፍያ ሆኖ ነበር፤ ብዙ የቀን ሥራ ክፍያም በዚያው በኩል መጣ። ለድሃ ጥሩ ነገር ነው። ግን በራስህ ስም የወጣ መስመር ከሌለህ ሥራውን ሠርተህም ገንዘቡ የሌላ ሰው ስልክ ላይ ነው የሚገባው። መስመር ለማውጣት ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። የእኔ ካርድ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ የሚታደስበት ቢሮ በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቷል። የማስጠናው ክፍያ በጎረቤቴ ስልክ ይገባልኝ ነበር። ሰውዬው ሳንቲም አልነካብኝም፣ እግዜር ይስጠው። በየወሩ መጨረሻ በሩን ሳንኳኳ ግን የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ አንድ ልጅ ሌላ በር አሳየኝ። ውጭ አገር ላሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቤት ሥራ መጻፍ። ናይሮቢ በዚህ የታወቀች ናት፤ ኮሮና ሲመጣ ሥራ ያጣው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። አካውንቱ የሌላ ሰው ነው፣ ስሙም ፎቶውም የሌላ ሰው ነው፤ ከክፍያው ድርሻውን ይቆርጣል። እኔ መምህር ነኝ። ተማሪ ከጓደኛው ሲቀዳ ወረቀቱን የምቀማ ሰው ነኝ። ሁለት ጻፍኩ። ሦስተኛው ርዕስ በእንግሊዝ ዘመን ስለነበረው የኬንያ የጉልበት ሥራ ነበር፤ እሱን ስጽፍ ነው ስለ ኪፓንዴ በደንብ ያነበብኩት።

ኪፓንዴ በስዋሂሊ ቁራጭ ማለት ነው። ሕጉ በ1915 ወጣ፤ በተግባር የዋለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስምና ደመወዙ ያለበትን ወረቀት በትንሽ የብረት ማቀፊያ አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሰዎቹ ራሳቸው ከፍየል ቃጭል ጋር ያመሳስሉት ነበር። አሠሪው «ለቅቋል» ብሎ ካልፈረመለት ሌላ ሥራ መፈለግ አይችልም፤ ጥሎ ቢሄድ እንደ ወንጀለኛ ይታደናል። ሃሪ ቱኩ ይህን ጨምሮ ግብርንና የደመወዝ ቅነሳን ሲቃወም በማርች 1922 ታሰረ፤ ፍቱት ብሎ በወጣው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ፤ ከሞቱት አንዷ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ ናት። በስሙ የተሰየመው መንገድ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው፤ ሳልፍበት ቀና ብዬ አየዋለሁ። የአንገቱ ወረቀት በ1940ዎቹ መጨረሻ ቀርቶ ለሁሉም ዘር አንድ መታወቂያ መጣ። ኬንያውያን ግን ዛሬም መታወቂያቸውን ኪፓንዴ ነው የሚሉት።

አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ለእነሱ መከራው ወረቀቱን መሸከም ነበር፤ ለእኛ ማጣቱ ነው። ግን ያን ሌሊት ሰፈሩ ተዘግቶ፣ በሰው ስም ተቀምጬ፣ ስለ ኪፓንዴ ስጽፍ፣ ሥራ ፈላጊው መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደሚችል ሳይሆን ወረቀቱ መሆኑ በሁለቱም ዘመን ያው ሆኖ ታየኝ። ሦስተኛውን ጨርሼ ላክሁ። አራተኛ አልጻፍኩም። ገንዘቡን አልመለስኩም፤ ኪራይ ነበረብኝ።

ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጃንዋሪ 2021 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲሱ የስደተኞች ሕግ ተፈረመ፤ ስደተኛ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው በግልጽ ይላል። ክላስ ኤም የሚባለው የስደተኞች የሥራ ፈቃድም ክፍያ የለውም። ሕጉ ይህን ካለ የሥራ ማመልከቻ ቅጾችም የስደተኛን ካርድ ይቀበሉ ነው የምለው። ትልቅ ጥያቄ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ነው።

የቡናዋ እናት ተመልሰው ከፍተዋል። አሁንም «ይኼን ልጅ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ባለሱቁ ግን «እማማ፣ ቁጥሩን ይላኩልኝ» ይላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣች። የሥራ ማመልከቻ ነው። «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ እዚህ ጋ ስደርስ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። ስሟን፣ ትምህርቷን፣ የምታውቃቸውን አራት ቋንቋዎች ሞልታለች። የመታወቂያ ቁጥር የሚለው ጋ የስደተኛ ካርዷን ቁጥር ስትጽፍ ሳጥኑ ይቀላል። እኔም ሞከርኩ፤ ቀላ። «የጓደኛዬን ላድርገው?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ።