የግል የጀብዱ ጉብኝት በስሪላንካ

የግል የጀብዱ ጉብኝት አንድ ቤተሰብ ወይም ጥቂት ጓደኛሞች መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተው፣ ከሌላ መንገደኛ ጋር ሳይቀላቀሉ፣ ለጥቂት ቀናት የስሪላንካን ደሴት የሚያዩበት የጉዞ ዓይነት ነው። አገሪቱ 65,610 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሆንም የደጋው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቦታ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከሚጎበኙት ቦታዎች ሁሉ የሚልቀው ሲጊሪያ የተባለው አለት ነው። ንጉሥ ካሽያፓ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባቱን አስገድሎ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ፣ የወንድሙን በቀል ፈርቶ፣ ከሜዳው 180 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ በቆመው በዚህ አለት አናት ላይ ቤተ መንግሥቱን ሠራ። ጎብኚው በግዙፍ የአንበሳ መዳፎች መካከል አልፎ ደረጃውን ይወጣል፤ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ መጀመር ይበጃል።

ኪቱልጋላ በተባለችው ከተማ አጠገብ በኬላኒ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ መቅዘፍ የተለመደ ነው። 2,243 ሜትር ከፍታ ያለው የአዳም ተራራ ግን በሌሊት ይወጣል፣ ንጋቱን ከአናቱ ለማየት። እዚያ ያለውን የእግር ዱካ ቡድሂስቶች የቡድሃ፣ ሂንዱዎች የሺቫ፣ ሙስሊሞች የአዳም ይሉታል፤ ሁሉም አብረው ይወጣሉ። የንግደቱ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ዝናብ ስለሚበረታ የተራራውን ጉዞ መተው ይሻላል።