ገንፎው ስንት ቀረ?

ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሰዓት አለች፤ አዲሱ ክፍል ያለቀባት ሰዓት። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ወሬው ይጀምራል። «እንዴት እንዲህ አድርገው ይጨርሱታል?» የሚል አለ። «እኔ እኮ ገና ክፍል 3 ላይ ነግሬያችሁ ነበር» የሚል ነቢይ አለ። ተናዶ ራቱን ሳይበላ የሚተኛም አይጠፋም። ድራማው ጋኔን፣ መንፈስና ትንቢት ያለበት ከሆነማ ክርክሩ ሲነጋም አያልቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዘንዶ የሚበርበትና ሙታን የሚዘምቱበት «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሲያልቅ፣ አጨራረሱ ያልተዋጠላቸው ተመልካቾች «የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን» ብለው ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስበዋል። ማንም አልሠራላቸውም።

ሐረር ውስጥ ከዚያ እጅግ የሚረዝም ተከታታይ አለ። በዓመት የሚወጣው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ደራሲ የለውም፣ ማስታወቂያ አይገባበትም፣ ዋናው ተዋናይ የሚከፈለው በገንፎ ነው። ተመልካቹ ደግሞ ፊርማ ከማሰባሰብ የበለጠ ነገር ያደርጋል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ተመልካች ነው።

የዓሹራ ሌሊት

በእስልምና አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር ሙሐረም ነው፤ የወሩ አሥረኛ ቀን ደግሞ ዓሹራ። በሐረር የዓሹራ ሌሊት ገንፎ ይገነፋል። ቅቤ በደንብ ይደረግበትና ወደ አዋች ይወሰዳል። አዋች በሐረሪ ቋንቋ «አባቶች» እንደ ማለት ነው፤ ከተማዋን ይጠብቃሉ ተብለው የሚከበሩት ቅዱሳን፣ እንዲሁም ያረፉበት ቦታ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 እንዲህ ያሉ የአዋች ቦታዎች ቆጥሯል። ገንፎው ይቀመጣል፤ ሰው ዞር ይልና ይጠብቃል። የሚጠበቁት ጅቦች ናቸው። ሐረሪዎች ወራባ ይሏቸዋል፤ ሶማሌው ወራቤ፣ ኦሮሞው ወራቤሳ ይላል። በስሙ እንኳ ጎረቤት ተግባብቷል።

እንደሚተረከው መጀመሪያ የሚቀርበው የጅቦቹ አለቃ ነው። እሱ ሲቀምስ ሌሎቹ ይከተላሉ። አጨራረሱ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ካስተረፉ መጪው ዓመት የጥጋብ ነው። ጨርሰው ካልነኩት ግን ክፉ ምልክት ነው። ሙልጭ አድርገው ከላሱትም እንደዚያው፤ ረሀብ ወይም ወረርሽኝ ይፈራል። ሕጉን አስተውላችሁልኛል? ከሚፈለገው በላይም ከሚፈለገው በታችም መብላት አያዋጣም። ግብዣ የናቀ እንግዳ ያሳስባል፤ ሳህኑን ልሶ ዙሪያውን የሚያይ እንግዳም እንዲሁ።

ስለዚህ የማግስቱ ጥያቄ «ጅቡ መጣ ወይ?» ብቻ አይደለም። «ስንት ቀረ?» ነው። መልሱ ደስ የማይል ሲሆን ሰዎች በየአዋቹ ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ነው የሐረር ተመልካች ከፊርማ አሰባሳቢው የሚለየው። ፊርማ አሰባሳቢው ያለፈው ክፍል እንዲቀየርለት ይጠይቃል። ሐረሬው ያለፈውን ትቶ፣ ስለሚመጣው የራሱን ድርሻ ይዞ ይነሳል።

ውሉ

ታሪኩ ከየት ጀመረ ካላችሁ፣ መልሱ አንድ ልብ የሚነካ ዘመን ውስጥ ይወስደናል። ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞተ በኋላ ሐረር የቀራትን ኃይል የሰበሰበው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው። ዛሬ ጀጎል የምንለው፣ 3.5 ኪሎ ሜትር ግድም ዙሪያ ያለው ግንብ የሚነገረው በእሱ ስም ነው። አሚሩ በ1559 አፄ ገላውዴዎስን ድል አድርጎ ገደለ። ድሉ ግን ለከተማዋ እንጀራ አልሆናትም። ረሀብ መጣ፣ ወረርሽኝ ተከተለ፣ አሚሩ ራሱም በ1560ዎቹ መጨረሻ በዚያው ወረርሽኝ ሞተ።

ግንቡ ጠላት ይከላከላል፤ ረሀብን ግን አይከላከልም። ረሀብ ሲጠና ደግሞ የሚራበው ሰው ብቻ አይደለም። ከብት ሲያልቅ የጅብ ቀለብም ያልቃል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ ሰው ያዞራል። የሐረር ሰዎች የሚተርኩት ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። ጅብ ሰው መብላት ሲጀምር አባቶች ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ፤ ምክራቸውም «እንግደላቸው» ሳይሆን «እናብላቸው» ሆነ ይባላል። ጅቦቹ ሰው ሊተዉ፣ ሰዎቹ ገንፎ ሊያቀርቡ ውል ታሰረ። አንዳንዱ ተራኪ ይህን በአሚር ኑር ዘመን ያደርገዋል፤ አንዳንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደነበረ ረሀብ ያመጣዋል። በሁለቱም አተራረክ ግን ውሉ የሚታሰረው በችግር ጊዜ ነው። ለራሱ የሚበላው ያጣ ሕዝብ ለሚፈራው አውሬ ቀንሶ ይሰጣል።

ግንቡም ራሱ ይህን ይመሰክራል። ጀጎል 5 ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ከበሮቹ ሌላ ግን በግንቡ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች የጅብ ቀዳዳ፣ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል። በሩ ሲዘጋ ሰው ውጭ ያድራል፤ ጅብ ይገባል። ጠላት እንዳይገባ የተሠራ ግንብ ለጅብ መግቢያ ሲተውለት አስቡት።

ይህን ሁሉ ግን በእምነት ብቻ አንተርጉመው፤ ሥራም አለበት። ከበሮቹ የሚነሱት ዋና ዋና መንገዶች መሀል ከተማ ወደ ጊደር መጋላ ይወርዳሉ። ስሙ «ትልቁ ገበያ» እንደ ማለት ነው። የሥጋ ገበያ ባለበት አጥንት፣ ቆዳና አንጀት አለ። ጠባብ በሆነ፣ 48 ሄክታር ውስጥ በታጨቀ ከተማ ይህ ሁሉ ቢከማች በሽታ ነው። ጅብ ደግሞ አጥንት ሳይቀር የሚፈጭ ፍጥረት ነው። ሌሊት ገብቶ የበላውን ሰው ጠዋት መጥረግ አይጠበቅበትም። የሐረር እምነት በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጅብ ጂን ይበላል ይላል። ቆሻሻውን ከመንገድ፣ ጂኑን ከአየር ይጠርጋል ማለት ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ሌላው አገር በሩን ይቆልፋል፤ እዚህ «አንዱን ጂን ዋጠልን» ብሎ የሚገላበጥ አለ።

ያንኑ ጅብ፣ ሌላ ድራማ

አሁን ከሐረር ወጣ ብለን ወደ ሰሜኑ ደጋ እንሂድ። ተዋናዩ ያው ጅብ ነው፤ ድርሰቱ ግን ሌላ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውን ያልሰማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቡዳ የተባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው ነው። ቤተ እስራኤሎችም በዚህ ስም ብዙ ተገፍተዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ አይተናል የሚሉ ሰዎችን ወሬ ጽፏል። ኮፊን የተባለው የአገሩ ሰው አገልጋይም ታሪክ አለው። አገልጋዩ ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል፤ ጓደኞቹ «እዩት፣ ጅብ ሆነ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ኮፊን ዞር ሲል ሜዳው ላይ የሚሮጥ ጅብ ያያል፤ አገልጋዩ በማግስቱ በሰላም ይመለሳል። ሲያወሩት ያዝናናል። ጥሩ ክፍል ይወጣዋል።

ግን የዚህ ድራማ ተመልካች በማግስቱ ምን ያደርጋል? የሚጠይቀው «ስንት ቀረ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ነው?» ብሎ ነው። ልጅ ሲታመም «ማን በላው?» ይባላል። ጣት የሚቀሰረው ማረሻውን ወደሚያሾለው፣ ድስቱን ወደምትሠራው ሰው ነው። ማረሻውን ይፈልጉታል፤ ሠሪውን ይፈሩታል። መሬት አይሰጡትም፣ ልጃቸውን አይድሩለትም። ነገሩ እስከ ቤተ መንግሥት ደርሶ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አንድ ተረት ለማስቆም አዋጅ ካስፈለገ፣ ያ ተረት ተረት ብቻ አልነበረም።

ሐረር ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ናት እያልኩ አይደለም። ከ5ቱ በሮቿ አንዱ፣ በሐረሪ በድሪ በሪ የሚባለው፣ በአማርኛ ቡዳ በር ነው የሚባለው። ቃሉ እዚያም ደርሷል። የጅቡ ነገር ላይ ግን ከተማዋ የመረጠችው መንገድ ሌላ ነው። ሁለቱም ቦታ ሰው ጅብ ይፈራል፤ ሁለቱም ቦታ ጅብ ከአውሬ በላይ የሆነ ነገር ነው። ልዩነቱ ፍርሃቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ፍርሃቱን ጎረቤቱ ላይ ጣለው። ሌላው ምጣድ ላይ ጣደው።

የቢቢሲ ተመልካች

ታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2016) የሐረር ጅቦች በእውነተኛ ቴሌቪዥን፣ በእውነተኛ ተከታታይ ፕሮግራም ወጡ። የቢቢሲው «ፕላኔት ኧርዝ 2» የመጨረሻ ክፍል ስለ ከተሞች ነበር። በዴቪድ አተንቦሮ ድምፅ ታጅቦ፣ ሁለት የጅብ መንጋዎች ከግንቡ ውጭ ወደ ከተማዋ ለመግባት ሲፋለሙ ታየ። ያሸነፉት በጠባቡ መንገድ፣ በሰው አጠገብ፣ ማንንም ሳይነኩ አለፉ፤ አጥንታቸውን ተቀበሉ። ክፉ መንፈስ ያባርራሉ የሚለው እምነትም ተነገረ።

በዚያው ክፍል ባርቤዶስ ውስጥ ገና የተፈለፈሉ የባሕር ኤሊዎች የከተማ መብራት ጨረቃ መስሏቸው ወደ መንገድና ወደ ቦይ ሲገቡ ታይቷል። ተመልካች በእንባ ታጠበ፤ «ቀረጻችሁን ትታችሁ ለምን አታድኗቸውም?» የሚል ቁጣም ተነሳ። ቢቢሲ ቡድኑ ያያቸውን ኤሊዎች ሁሉ ሰብስቦ ወደ ባሕር መመለሱን አሳወቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ያ ተመልካች ሳያውቀው የሐረርን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ «አይቶ ዝም ማለት ይቻላል ወይ?» ብሎ። ልዩነቱ፣ እሱ የሚያዝነው ለምታሳዝን ትንሽ ኤሊ ነበር። ለሚያስፈራ ፍጥረት ገንፎ ይዞ መውጣት ትንሽ ይከብዳል።

የሚከፍል ተመልካችና የሚያገነፋ ተመልካች

ዛሬ ሐረር የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የዓሹራውን ሌሊት አይደለም። የየምሽቱን ትርኢት ነው። ጅብ በእጅ፣ ኋላም በአፍ በተያዘ እንጨት ለእንግዳ ማሳያ ማብላት የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ዩሱፍ ሙሜ ሳሊሕ ለብዙ ዓመታት ሲያበሉ ኖረው ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አውርሰዋል። ጅቦቹ ስም አላቸው፤ በስማቸው ሲጠሩ ይመጣሉ። አውስትራሊያዊው አንትሮፖሎጂስት ማርከስ ቤይንስ ሮክ ከእነዚህ ጅቦች ጋር በየመንገዱ እየዞረ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አሳትሟል።

ትርኢቱን ለመናቅ አልመጣሁም። እንጀራ ነው፤ ጥበብም ነው። ግን የየምሽቱ ተመልካችና የዓሹራው ተመልካች አንድ አይደሉም። የየምሽቱ ይከፍላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄዳል። ጅቡ በላ አልበላ ዓመቱን አይለውጥበትም። የዓሹራው ተመልካች እዚያው ያድራል። ልጁ ነገ በዚያው መንገድ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ጅብ ደግሞ ጅብ ነው፤ በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው እንደሚበላ የማያውቅ ሐረሬ የለም። ውል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከበግ ጋር ውል የሚያስር ማን አለ?

ከተማ ደግሞ ይለወጣል። ሐረር ከጀጎል ወጥታ በሁሉም አቅጣጫ ሰፍታለች፤ ግንቡ ዛሬ በመንደር የተከበበ ግንብ ነው። ጅቡ ቀዳዳዋ ጋ ለመድረስ ስንት አስፋልትና ስንት አጥር ያልፋል። ውሉን ያሰሩት አባቶች ይህን አላዩም። ውሉ የሚቀጥለው ሁለቱም ወገን መገናኛ ቦታ ሲኖራቸው ብቻ ነው።

እኛ የከተማ ልጆች ማታ ማታ የሚያስፈራ ድራማ እናያለን፣ እንጮሃለን፣ እንከራከራለን። ግድ የለም፣ እንጩህ። ከድራማው ውጭ የሚነገረን አስፈሪ ታሪክ ሲመጣ ግን፣ ያ ሰፈር እንዲህ ነው፣ ያ ሰው እንዲያ ነው የሚለው፣ «ማን ነው?» ከማለታችን በፊት «እኔስ ከዚህ ፍርሃት ጋር ምን ላድርግ?» ብንል ከሐረር አንድ ነገር ተማርን ማለት ነው።

የእስልምና ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ግድም ያጥራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ክፍል ካለፈው 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። የሚያገነፋ ሰው እስካለ ድረስ።